ሳላነብ ያረምኩት ዓረፍተ ነገር

ቡሬ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ርእሰ መምህሩ ሁለት ፓኬት ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር፣ የስም መጥሪያ መዝገብና ሽፋኑ የተገነጠለ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አስፈርመው ሰጡኝ። ቀይ እስክሪብቶ ስጠይቃቸው፣ «እሱን የሚሰጥህ የዲፓርትመንት ኃላፊህ ነው» አሉኝ።

ኃላፊዬ ጋሽ እንየው ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የኮታቸው የደረት ኪስ በእስክሪብቶ ብዛት የተንጋደደ ሰው ነበሩ። ከኪሳቸው አንዱን ቀይ መዘዙ፤ መዳፋቸው ላይ ጫር ጫር አድርገው ሞከሩትና ሰጡኝ። «ጠመኔማ ለሁሉም ይታደላል። አስተማሪ የሚያሰኝህ ይኸ ነው። ስህተት እንዳያልፍህ» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቃላቸውን እንደ መሐላ ነው የያዝኩት።

የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ሦስተኛው ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ ልጆች ስገባ ተነሡ። «ሀው አር ዩ?» አልኳቸው። ሁሉም ባንድ ድምፅ «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር» አሉ። ፊት ለፊቴ ጉንጩ በጥርስ ሕመም ያበጠ ልጅ ነበር፤ እሱም ደህና ነኝ አለ። ያን ቀን ነገሩ አስቆኝ አለፍኩት። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ልጅ ብዙ ልማር እችል ነበር።

እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ሁሉ የሚፈራው ምዕራፍ አለ። ፍሬዛል ቨርብ ይባላል። ሁለት ትንንሽ ቃላት፣ እያንዳንዳቸውን ልጁ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃቸዋል። አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ። ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ የሚመጣው «ጊቭ አፕ» ላይ ነበር። «ጊቭ» መስጠት ነው፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው። ትርጉሙን ስጠይቅ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ወደ ላይ መስጠት፣ ማለት ለእግዚአብሔር መስጠት ነው ቲቸር» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄ «ተቀመጥ» አልኩት።

መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ስለ አንድ የለንደን ሰውና ስለ ሲጋራው ነበር። ልጆቼ ለንደንንም ሰውየውንም አያውቋቸውም። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳውን አራት ቦታ ከፈልኩና ምሳሌውን ከቡሬ መንገድ አመጣሁት። ባለጋሪው አረቄ ከተወ፣ ጊቭ አፕ ነው። ልጅቷ አስቸጋሪውን የሒሳብ ጥያቄ ጀምራ መሐል ላይ «አልችልም» ብላ ደብተሯን ከዘጋች፣ ጊቭ አፕ ነው። የተከበበ ወታደር እጁን ከሰጠ ያው ነው። ወጣቱ ሚኒባስ ውስጥ ተነሥቶ ወንበሩን ለሽማግሌ ከለቀቀም እንደዚሁ። «አራቱም ቦታ አንድ ነገር አለ» እላቸው ነበር፤ «በእጅ ይዞት የነበረውን ነገር ሰውየው ለቀቀ። ለምን እንደለቀቀ የሚነግራችሁ ወሬው ነው።»

ከዚያ የራሴ የሆነች የቤት ሥራ እሰጣለሁ። በዚህ ቃል አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሳችሁ ኑሮ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያመጣሁት፤ ኩራቴም ነበር።

የሚጽፉት ነገር ደግ ነበር። አንዱ አባቱ ሱረት መተዋቸውን፣ ቤቱም ከማስነጠስ ማረፉን ጻፈ። ሌላዋ ዶሮዋ ዕንቁላል ላይ መቀመጥ በሦስተኛው ቀን እንደተወች ጻፈች። እኔ ግን ወሬውን አልነበረም የማየው። ዓይኔ የጎደለችውን ፊደልና የተሳሳተውን የጊዜ አመልካች ብቻ ይፈልጋል። አንድ ቀን ከወረዳ የመጣ ሱፐርቫይዘር ደብተሮቹን ገልጦ፣ «መምህር፣ ይኸማ የቡሬ በርበሬ የተሰጣበት ነው የሚመስል» አለኝ። እሱ ለምን እንዳለው እንጃ፤ እኔ ለሙገሳ ወሰድኩት። ቤቴ ገብቼም ለባለቤቴ ነገርኳት።

ባለቤቴ ዘነበች ትባላለች። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ እንግሊዝኛዋ እንደ ነገሩ ነው፤ ወሬ ግን ትወዳለች። ደብተር ይዤ ቤት ስገባ ከክምሩ አንዱን አንስታ መዝገበ ቃላቴን አጠገቧ አድርጋ ታነባለች። «የዶሮዋ ነገር እንዴት ሆነ?» ብላ በማግስቱ ትጠይቀኛለች። «የምን ዶሮ?» እላታለሁ። ቀዩን እኔ አያለሁ፣ ጥቁሩን እሷ ታያለች። ለብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ወደ ፍኖተ ሰላም የተዛወርኩት ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰጡኝ። ትምህርት ቤቱ ትልቅ ነው፤ ተማሪው ከከተማውም ከዙሪያው ገጠርም ይመጣል። የገጠሮቹ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይሄዱና እሑድ በሶና ቂጣ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቅ ይሉታል። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሲገቡበት በሶ በሶ ይላል።

ባንቺአየሁ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። መንደሯ ላህ ወንዝን ተሻግሮ፣ ባጃጅ ከሚደርስበት በኋላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። እጇን አታወጣም፤ ስትጠራ ግን ታውቃለች። የምትናገረው ለያዘችው መሐረብ የምታወራ ይመስል አንገቷን አቀርቅራ ነው። ጎበዝ ናት ብዬ ያዝኳት፤ ከዚያ በላይ አላወቅኋትም።

በጥር ወር ያችን የቤት ሥራ ሰጠሁ። ደብተሩን ሰብስቤ፣ አርሜ፣ ሐሙስ መለስኩ። ሰኞ ባንቺአየሁ ቀረች። ማክሰኞም ቀረች። ስንቅ ልትይዝ ሄዳ የዘገየች መሰለኝና በመዝገቡ ላይ «ቀ» ጻፍኩ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ «ቀ»፣ «ቀ»፣ «ቀ»። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። እውነቱን ልናገርና ተናድጄ ነበር። የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ደርሷል፤ ተማሪው ራሱ ቀርቦ ፎቶ ካልተነሣና ካልፈረመ ዓመቱ አለቀለት። በዚህ ጊዜ የሚቀር ተማሪ ለእኔ ሰነፍ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ አብራት የምትኖረው ልጅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛ መጣች። «ባንቺአየሁ ለቲቸር መልሽልኝ ብላኝ ነው» አለችኝ። መጽሐፉን የሚመልስ የማይመለስ ነው። ውስጡ የቤት ሥራ ደብተሯ ነበረ። ለምን አብራ እንደላከችው ሳልጠይቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ዘነበች ደብተሩን አንስታ ማንበብ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ፣ «ይቺን ልጅ አነበብካት?» አለችኝ።

«አርሜያታለሁ» አልኩ።

«እሱማ ይታያል። አነበብካት ወይ ነው ያልኩህ።»

ደብተሩን ተቀበልኳት። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ሲመለሱ እንዲህ ይላሉ። አንድ፣ አጎቴ ሰው መሳደብ ትቷል። ሁለት፣ ጋሪ ላይ ስሄድ ለአሮጊት ቦታዬን እለቃለሁ። ሦስት፣ እናቴ ወልዳ በጣም ታመመች፤ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አራት፣ እናቴን የሚረዳ ሰው የለም። አምስት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቴን እተዋለሁ።

አራተኛው ላይ በቀይ ኤክስ አድርጌያለሁ። ከጎኑ «ጊቭ አፕ የለበትም» ብዬ ጽፌ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ። አምስተኛው ላይ አንዲት የማታስፈልግ ቃል ሰርዤ፣ ግሡን አቃንቼ ራይት ሰጥቻለሁ። ከታች አራት ከአምስት፣ «ቬሪ ጉድ»፣ ፊርማዬ።

ልጅቷ ትምህርቴን ልተው ነው ስትለኝ ዓረፍተ ነገሩን አሳምሬ መለስኩላት። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም። ዘነበች ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዬ ውስጥ መለሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ርእሰ መምህራችን ዘንድ ገባሁ። «ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?» አልኩት። «ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። አንድ ደቂቃ አትጨመርም፤ ከላይ የመጣ ነው» አለኝ። የዕለቱን ክፍለ ጊዜዎቼን ባልደረባዬ ያዘልኝ። ብቻዬን ልሄድ ቤቴ ጎራ ስል ዘነበች የገብስ ዱቄትና አንድ ቅል ቅቤ በነጠላ ቋጥራ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አራስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አለች። «ደግሞ አንተ ወንድ ነህ። ከመጋረጃው ወዲያ ማን ያስገባሃል?»

ባጃጁ ጠጠር መንገዱ ላይ አወረደን። ከዚያ በእግር ሄድን። ማሳው ታጭዶ ገለባው ተከምሯል፤ ከብት ቃርሚያ ላይ ተሰማርቷል። ዘነበች ቀድማኝ ትሄድ ነበር። መንገድ ላይ፣ «ሕፃኑ ወንድ ይሆን ሴት?» አለችኝ። ምን ለውጥ እንዳለው አልገባኝም። «ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ እናቲቱ ከአራስ ቤት ትወጣለች። ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ነው» አለች። መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ከሆነ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ሰማንያ ከሆነ ዓመቱ ሄዷል።

አባትየውን አያ ሙጨን ግቢው ውስጥ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘናቸው። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ይበልጣሉ። መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉን።

«እንዴት ዋላችሁ። ግቡ፣ ግቡ። ከወዴት ናችሁ?»

«የባንቺአየሁ አስተማሪ ነኝ» አልኩ።

ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ባለበት ቆመ። ዓይናቸው ወደ ቤቱ ሄደና ተመለሰ። «መምህር፣ እዚሁ ጥላው ላይ ብንቀመጥ ነው የሚሻል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዘነበች ቋጠሮዋን ይዛ «ማርያም ማረችሽ ልበላት» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

«ሕፃኑ ወንድ ነው ሴት?» አልኳቸው፣ ቁጭ ሳንል።

«ሴት። እንዲያው እንደ ጨረቃ ያለች» አሉ። ሰማንያውን ቀን እየቆጠርኩ «እንኳን ማርያም ማረቻቸው» አልኩ።

አያ ሙጨ ጥቂት በጥቂት ነገሩኝ። ወሊዱ ከባድ ነበር። እናትየው እማዋይሽ ብዙ ደም ፈሷቸው፣ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ደርሰው ተርፈው ነው የተመለሱት። አሁንም ለብቻቸው ቀና አይሉም። የሁለቱም እናቶች ሞተዋል። ከባንቺአየሁ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ወንዶች ናቸው። አራስ ያለ ሴት አትያዝም። ገንፎዋን፣ አጥሚቷን፣ የሕፃኗን ጨርቅ፣ ውኃውን ማን ይይዘዋል?

«የቆጡን አወርድ ስል የብብቴን እንዳልጥል ነው የፈራሁ» አሉኝ። «ትምርቱ ለከርሞ ይደርሳል መምህር። እናት ግን ለከርሞ አትደርስም።»

 ትክክል ነበሩ።

ባንቺአየሁ ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ስትመጣ ያየችኝ በዚህ ጊዜ ነው። ቆመች። ጀሪካኑን እንዳዘለች አንገቷን ሰበረች። አባቷ ተነሥተው አወረዱላት። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ባንቺአየሁ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬዎት ነበር ቲቸር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«መቼ?»

«ጽፌ ሰጠሁዎት። በአፌ ብልዎ ነውር ሆኖብኝ ነው። አይሆንም ካሉ ይሰርዙታል፣ ካልሆነም ይጠሩኛል አልኩ። ራይት ሰጡኝ። ቬሪ ጉድ አሉኝ። እንግዲያ ፈቅደዋል ብዬ መጣሁ።» ዓይኗን ወደ ደብተሩ አድርጋ፣ «ደብተሩን የላክሁት ጠፋች እንዳይሉኝ ነው» አለች።

ሰው ይህን በደንብ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «እንዲህ ላደርግ ነው» አይልም። ነገሩን ዳር ዳሩን አስነክቶ፣ ትልቁ ሰው ሰምቶ የሚለውን ይጠብቃል። እሷ እንደ ጨዋ ልጅ ወጓን ጠብቃ ጠይቃኛለች። እኔ ደግሞ ከራሳችሁ ኑሮ ጻፉ ብያለሁ። ታዲያ የጻፉልኝን ኑሮ ማን እንዲያነብልኝ ነበር?

«አላነበብኩትም» አልኳት። «አረምኩት እንጂ አላነበብኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አያ ሙጨ ደነገጡ። «ኧረ መምህር! ለልጅ?» አሉኝ። ባንቺአየሁ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እያለቀሰች መሆኗን በትከሻዋ ነው ያወቅኩት። 

ልቅሶዋን ላስቆም ብዬ ምናልባት ጮክ ሳልል አልቀረሁም። «ምዝገባው ዓርብ ነው የሚዘጋው፤ ከዓርብ ካለፈች ፈተናው አለፋት» አልኩ።

ከቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ደካማ ድምፅ መጣ። «የምን ምዝገባ ነው?»

አያ ሙጨና ባንቺአየሁ ተያዩ።

«አያ ሙጨ። ትምርት ቤቱ ተዘግቷል፣ መምህራኑ ስብሰባ ናቸው ብላችሁኝ የለም ወይ?»

አያ ሙጨ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ለካስ አባትና ልጅ ተማክረው እናቲቱን ደብቀዋቸዋል።

እማዋይሽ ብዙ የመናገር ጉልበት አልነበራቸውም። እያረፉ ነው የተናገሩት። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ያችን ልጀን በጀርባየ ስንቅ እያደረስሁ ነው አሥራ ሁለት ያደረስሁ። ዛሬ እኔን ብላ ብትቀር ይኸ የተረፈ ነፍሴ ምኑ ይጥመኛል? ትሂድ።»

«ማን ይይዝሻል?» አሉ አያ ሙጨ።

«ውኃውን ልጆቹ ይቅዱ። ጨርቁን ጎረቤቶች ተራ ያጥቡልኛል፤ እኔም ስንቱን አራስ አጥቤያለሁ። ገንፎውን አንተ አገንፋ።»

«እኔ?»

«ሞፈር የሚጠርብ እጅ ማማሰያ ያቅተዋል?»

«ወንድ ሲያገነፋ ማን አይቶ ያውቃል፣ እማዋይሽ?»

«በሩን ዘግተህ አገንፋ።»

ከመጋረጃው ወዲያ የዘነበች ሳቅ ተሰማ። ከዚያ እማዋይሽም ሳቁ፤ ሳቁ ሲያማቸው ቆም እያሉ። አያ ሙጨ ወደ እኔ ዞሩና፣ «መምህር፣ ይኸን ከተማ ላይ እንዳያወሩት» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነው።

ያን ዕለት ዘነበች ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ አስተማረቻቸው። ውኃው ይፈላል፣ ጨው ይገባል፣ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ ይነሰነሳል፣ እጅ አያርፍም። በሩ በእርግጥም ተዘግቶ ነበር፤ እኔና ሁለቱ ወንድ ልጆች ውጭ ቆመን ማማሰያው ድስቱን ሲመታ እንሰማለን። የመጀመሪያው ገንፎ ጓጎለ። እማዋይሽ ግን አንድም ሳያስተርፉ በሉት ብላ ዘነበች ነገረችኝ።

ስንነሣ ባንቺአየሁ አብራን አልመጣችም። «ዓርብ እመጣለሁ» አለች። ተጨማሪ ልናገር ስል ዘነበች እጄን ያዘችኝ፤ ተውኩት።

ዓርብ ጠዋት የፎቶ ሰልፉን አየሁ፤ የለችም። ምሳ ሰዓት ላይ የለችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዬን እያስተማርኩ ሁለት ጊዜ በመስኮት ብቅ ብዬ አየሁ፤ ልጆቹ ታዘቡኝ። አሥር ሰዓት ላይ መዝጋቢው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ትቼው ዋናው አስፋልት ድረስ ወጣሁ። ጋሪ መጣ፤ በርበሬ ጭኗል። ሌላ መጣ፤ ሽማግሌዎች ናቸው። ከስልኬ ላይ ሰዓቱን አየሁ፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት።

ከአሥር ተኩል በኋላ አንድ ጋሪ ከሩቅ እየሮጠ መጣ። ባንቺአየሁ ከስንቅ ከረጢቷ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ፀጉሯ በቅቤ ርሷል፤ እናቷ ናቸው የቀቧት። ሳይቆም ዘለለች። ሁለታችንም ሮጥን። በእኔ ዕድሜ መሮጥ እንደማያምር አውቃለሁ።

ፎቶ አንሺው ቅቤው ግንባሯ ላይ እንዳያብረቀርቅ ጥረጊው አላት። በነጠላዋ ጠረገች፤ ተነሣች፤ ፈረመች። ከቢሮው ስንወጣ፣ «ምን አዘገየሽ?» አልኳት፤ ቁጣዬ ገና አልበረደም።

«የአባየን ገንፎ ሳላይ አልወጣም ብዬ ነው። ትናንትም ጓጉሎበት ነበር» አለች። «ዛሬ አልጓጎለም።»

ሰማንያው ቀን ሲሞላ ተጠራን። ሕፃኗን ክርስትና ያነሣቻት ዘነበች ናት። እማዋይሽ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። አያ ሙጨ ድግሱ ላይ ገንፎ ሲቀርብ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም፤ እኔም አደራቸውን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ። ይህን የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ «አሁንማ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ ይጻፉት» ብለውኝ ነው።

ባንቺአየሁ ተፈተነች። ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም፤ በዚያ ዓመት ከክፍሌ የበቁት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መምህራን ኮሌጅ ገባች። አሁን ከግሽ ዓባይ ወዲህ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። በበዓል ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምታናግረው ግን ዘነበችን ነው።

እኔ ከዚያ ዓመት ወዲህ ልማዴን ለወጥኩ። ደብተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ቀዩን እስክሪብቶ ከድኜ ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። አነባለሁ። ከዚያ ሄጄ አመጣዋለሁ። ባልደረቦቼ «ደብተር እንደ ጋዜጣ የሚያነብ» ይሉኝ ነበር። አንድ ልጅ ሰሌዳው እንደማይታየው ያወቅኩት ከዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ወደ ፊት አመጣሁት። አንዲት ልጅ የጻፈችውን ደግሞ አንብቤ በማግስቱ ቤቷ ብሄድ አዲስ አበባ ሄዳለች፤ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁሉም አልተመለሱም።

ጡረታ የወጣሁ ዓመት፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ያችኑ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ከጀርባ የሚቀመጥ አንድ ረባሽ ልጅ አምስተኛው ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር። «አስተማሪያችን በዚህ ሰኔ ማስተማር ይተዋል። እኛ ደስተኛ አይደለንም።» እንግሊዝኛው ሦስት ቦታ ተሳስቷል። አነበብኩት። ሄጄ እስክሪብቶውን አመጣሁ፤ ክዳኑን ከፈትኩ። ስህተቶቹን እንዳሉ ተውኳቸውና ከሥሩ «እኔም» ብዬ ጻፍኩለት።

አዲስ ለምትጀምሩ መምህራን ያለኝ ይኸው ነው። የተማሪን ደብተር ሁለት ጊዜ ተመልከቱት። መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳትይዙ።